ስለ ፍርምባ አጥንት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና እስከ መኪና አደጋ

ሐኪም ልብን ከፍቶ ለመጠገን በአብዛኛው የሚገባው በደረት መሃል ባለው በፍርምባ አጥንት በኩል ነው። በአገራችን ይህን ቀዶ ሕክምና ከሚሹት ብዙዎቹ በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። ገሚሱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል፣ ገሚሱ እስራኤል ሄዶ ሆሎን ከተማ በሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል፣ ሌላውም በሌላ አገር ይታከማል። ከዚያ ቤት ሲገባ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልቡ በሚገባ የተጠገነለትን ሰው በአጥንቱ ምክንያት ሆስፒታል የሚመልሰውም አንዳንዴ ይኸው ምክር ነው። ፍርምባን የሚያበላሹት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሳይጣበቅ መላቀቁና ጀርም መግባቱ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንጻር ይመዘናል።

«ለልብ ቀዶ ሕክምና ጎድን አጥንቶች ይቆረጣሉ»

አይቆረጡም። የሚሰነጠቀው ፍርምባ ብቻ ነው። ከአንገት ሥር ካለችው ስርጉድ ጀምሮ ከሆድ በላይ እስከምታልቀው የአጥንቱ ጫፍ ድረስ መሃል ለመሃል በመጋዝ ለሁለት ይከፈላል። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ በ1897 እ.ኤ.አ. የገለጸው ካይሮ ይሠራ የነበረው ሄርበርት ሚልተን ነው፤ ለልብ ሥራ የተለመደው ግን ኦርማንድ ጁሊያን በ1957 እ.ኤ.አ. ጥቅሙን ካሳየ በኋላ ነው። በጎድኖች መካከል ሲገባ ጡንቻ ይቆረጣል፣ ነርቭ ይነካል። በደረት መሃል መስመር ላይ ግን የሚቆረጥ ትልቅ ጡንቻ የለም።

ታዲያ ጎድንና ጀርባ ለምን ያማል? ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱን የፍርምባ ግማሾች ከፍቶ የሚይዝ ብረት አለ። ብረቱ ጎድኖቹ ከጀርባ አጥንት ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ይወጥራል። በትከሻ አጥንቶች መካከል ለሳምንታት የሚቆይ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችም አብረው ሊወጠሩ ስለሚችሉ የትንሿ ጣትና የጎረቤቷ መደንዘዝ ያጋጥማል፤ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል። ክንዱ በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ይህ የነርቭ መወጠር አይደለም፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

«ሽቦው ሲቆይ ይዝጋል፤ መውጣት አለበት»

አጥንቱ የሚታሰረው በማይዝግ ብረት ሽቦ ነው፤ በአዋቂ ላይ በተለምዶ ከስድስት እስከ ስምንት ይሆናል። ዕድሜ ልክ ቢቀመጥ አይጎዳም። ኤምአርአይ ምርመራንም አይከለክልም፤ ለባለሙያው አስቀድሞ መናገር ግን ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ሽቦ ካለበት ሰው ደረት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ሊኖርም ይችላል፣ ያ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለው። በኤርፖርት ፍተሻ በር ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ አያስጮህም። ሽቦ የሚወጣው ጫፉ ቆዳን እየወጋ ሲያስቸግር፣ ሲበጠስና ሲያሳምም፣ ወይም ሥሩ ሲመግል ነው።

«ሦስት ወር ከአልጋ መውረድ የለበትም»

ይህ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ሁልጊዜ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋበታል፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የሳንባው ሥር በደንብ ስለማይነፋ አክታ ይከማቻል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። የሳንባ ምች ሳል ያመጣል፤ ያልተቋረጠ ኃይለኛ ሳል ደግሞ ሽቦውን ይፈታተናል። ዕረፍት ይጠቅመዋል የተባለው አጥንት በዕረፍቱ ሰበብ ይጎዳል ማለት ነው። ስለዚህ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ እንዲቀመጥ፣ እንዲቆም፣ እንዲራመድ ይደረጋል። ቤት ሲገባም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአምስት ለአስር ደቂቃ በሜዳማ ቦታ መራመድ፣ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ጥሩ አጀማመር ነው።

አጥንቱ የሚጎዳው በመራመድ ሳይሆን ሁለቱን ግማሾች ጎንና ጎን በሚስብ ወይም ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚመጣው ከክንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ከአራት ተኩል ኪሎ ግራም በላይ አለማንሳት የቆየና አሁንም በብዙ ቦታ የሚሰጥ ምክር ነው። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ሕፃን በጀርባ ማዘል፣ ቡና በሙቀጫ መውቀጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከባድ በር መግፋት፣ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት በአንድ እጅ መንጠልጠል ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስግደትና ሱጁድም እንዲሁ፤ ከመሬት ለመነሳት የሰውነት ክብደት በመዳፍ ላይ ያርፋልና። በእነዚህ ሳምንታት ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ ይቻላል፣ የሃይማኖት አባቶችም ለታመመ ሰው ይህን ይፈቅዳሉ።

በቅርብ ዓመታት ምክሩ ረገብ ብሏል። ክንድን ከጎን ሳያርቁ፣ ክርንን ከጎድን አስጠግተው የሚሠሩት ሥራ አጥንቱን ብዙ አይስብም፤ ሰሃን ማጠብ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ፀጉር ማበጠር ይቻላል። የሕመም ስሜት መሪ ይሁን፤ ደረት መሃል ላይ የሚስብ ነገር ከተሰማ ማቆም ነው።

ከአልጋ ሲነሱ በእጅ ተደግፎ ወይም በአስታማሚ ክንድ ተጎትቶ መነሳት አይገባም። መጀመሪያ ጉልበትን አጥፎ፣ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ፣ ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ ወደ ጎን ማዞር፤ ቀጥሎ እግርን ከአልጋ ማውረድ። የእግሩ ክብደት ሲወርድ የላይኛው አካል ከፍ ይላል። አስታማሚ የሚያግዘው ከጀርባ በኩል በመደገፍ ነው፤ በብብት ገብቶ ማንሳት ስህተት ነው። ዱካ ወይም በርጩማ ላይ ከመቀመጥ ከፍ ያለ ወንበር መምረጥ፣ ሲነሱም ጫፉ ድረስ ቀርቦ በጭን ኃይል መነሳት ይቀላል።

መኪና ሳይነዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። ተሳፋሪ ሲኮን ከኋላ መቀመጥ ይመረጣል፣ ቀበቶም ይታሰራል፤ በቀበቶውና በደረት መሃል የታጠፈ ፎጣ ማድረግ ይቻላል።

«ሲያስል ስፌቱ ይበጠሳል፤ ሳሉን ይዋጠው»

አክታ መውጣት አለበት። ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ደረት ላይ በሁለት እጅ አጥብቆ አቅፎ ማሳል ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ማስታገሻውንም በሰዓቱ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሕመም የፈራ ሰው በጥልቀት አይተነፍስም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶለት ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ የለበትም፣ ደም መፍሰስ ያስከትላልና። የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፣ እሱም በሐኪሙ መጠን።

ጡታቸው ከበድ ያለ ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። የጡት ክብደት የቁስሉን ጠርዞች ወደ ጎን ይስባል። ከፊት የሚቆለፍ፣ ብረት የሌለው፣ ደግፎ የሚይዝ የጥጥ ጡት መያዣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል፣ ቁስሉንም ይረዳል።

«ቁስሉ ደርቋል፣ እንግዲህ ድኗል»

ቆዳ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል። አጥንት ግን ለመያያዝ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ጥንካሬውን ለማግኘት ወደ ሦስት ወር ይፈልጋል። ብዙ ሰው ጀሪካን የሚያነሳው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ ሲቀልለት፣ አጥንቱ ገና ሳይጸና።

አጥንቱ መላቀቁን የሚያሳብቀው ሲተነፍሱ፣ ሲገላበጡ ወይም ሲያስሉ ደረት መሃል ላይ የሚሰማ የመንቃቃት ወይም የመንሸራተት ስሜት ነው። መዳፍን ቁስሉ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ በማሳል ሁለቱ ግማሾች ሲንቀሳቀሱ ይታወቃል። ይህ ስሜት ያለበት ሰው ትኩሳት ባይኖረውም ወደ ቀደደው ሐኪም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መሄድ አለበት። አንዳንዴ በጥንቃቄ ብቻ ይታለፋል፣ አንዳንዴ እንደገና መታሰር ያስፈልገዋል። ከሥሩ ኢንፌክሽን አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ሳይጣራ አይታደርም።

«ትንሽ ፈሳሽ ቢወጣ ማርና ቅቤ ይበቃዋል»

ጥልቅ የሆነ የፍርምባ ኢንፌክሽን የሚያገኘው ከመቶ ታካሚ ከአንድ እስከ ሦስቱን ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ገዳይ ነው፤ ከፍርምባው ጀርባ ልብና ትልልቅ የደም ሥሮች ናቸውና። በአብዛኛው የሚገለጠው ታካሚው ቤት ከገባ በኋላ፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ቀንሶ የነበረ ሕመም ተመልሶ መባባሱ፣ ወይም የተናገርነው መንቃቃት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ቤት ውስጥ የሚቀባ ማር፣ ቅቤ፣ የተወቀጠ ቅጠል ወይም ዱቄት ንጹሕ አይደለም፤ የፈሳሹንም ቀለምና መጠን ይሸፍናል። ፀበልን በተመለከተ፣ እምነቱን የሚነካ ሐኪም የለም፤ የምንለምነው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ውሃው በቁስሉ ላይ እንዳይወርድና ሰውየው ብርድ ላይ እንዳይቆም ነው። መጠጣቱን የፈሳሽ ገደብ ካለበት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል። ሐኪሙ ሲፈቅድ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ሳያሹ መታጠብ፣ በንጹሕ ፎጣ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ገንዳና ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይቆይ።

አንቲባዮቲክ ሲበዛ ከኢንፌክሽን ይጠብቃል የሚለውም ልክ አይደለም። የሚጠብቀው መጠን ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ነው፤ ከ48 ሰዓት በላይ ማራዘሙ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ከማፍራት በቀር አይጨምርም። የመገለ ቁስል ላይ በራስ ውሳኔ አሞክሲሲሊን መዋጥ ደግሞ የላዩን ያደርቅና የታቹን ያቆየዋል። በእርግጥ አደጋውን የሚቀንሱት ሲጋራን ለቀዶ ሕክምናው ቢያንስ አራት ሳምንት ሲቀር ማቆምና ስኳርን መቆጣጠር ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

ምግብም እዚህ ይገባል። የአጥንት መረቅ ብቻውን አጥንት አይሠራም፤ የሚያስፈልገው በቂ ፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሹሮ ያገለግላሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ የሚበላውን መጠን ከሳምንት ሳምንት አለማቀያየር ነው የሚፈለገው።

«የመኪና አደጋ የሰበረውን ፍርምባ ወጌሻ ያሸዋል»

መሪ ወይም ቀበቶ ደረትን ሲመታ ፍርምባ ይሰነጠቃል። ማሸት ስንጥቁን ያላቅቃል እንጂ አይገጥምም። ከፊት የሚነሳ ኤክስሬይ ስብራቱን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ከጎን የሚነሳው ወይም ሲቲ ስካን ያሳየዋል። ከአጥንቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከኋላው ያለው ልብ ስለሆነ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢሲጂና ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ይደረጋሉ፤ ሁለቱም ጤናማ ከሆኑ ልብ ላይ ከባድ ጉዳት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የጀርባ አጥንትም አብሮ ይታያል። ብቻውን የተሰነጠቀ ፍርምባ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በማስታገሻና በጥልቅ መተንፈስ ይድናል።

«ቀበቶው ነው የሰበረኝ» ብሎ ቀበቶ መተው ግን ከባድ ስህተት ነው። ቀበቶው ባይኖር የሚሰበረው አንገትና ጭንቅላት ነበር።

«የሰው ደረት ሲጫኑ አጥንቱ ከተሰበረ ማቆም ነው»

አይቆምም። ልቡ የቆመን አዋቂ ለማትረፍ የፍርምባው የታችኛው እኩሌታ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። በዚህ ኃይል ጎድንና ፍርምባ መሰንጠቁ የተለመደ ነው። የተሰነጠቀው ይድናል። የእጅን ቦታ አስተካክሎ መቀጠል ነው።

«ከሆዴ በላይ የሚጠጥር እብጠት አለ፤ ዕጢ ነው»

በአርባዎቹ ዕድሜ ሰዎች በድንገት የሚዳስሱት ይህ ጠጣር ነገር ብዙውን ጊዜ የፍርምባው የታችኛው ጫፍ ነው። በወጣትነት ለስላሳ ነበር፤ ከዕድሜ ጋር ወደ አጥንትነት ይለወጣል፣ ሰው ሲከሳም ጎልቶ ይታያል። በፍርምባና በጎድን መገናኛ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያም ሕመምም ብዙ ጊዜ የለስላሳ አጥንት መቆጣት ነው። ቢሆንም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ እጥረት ያለበት የደረት ሕመም በጣት ተጭኖ አይመረመርም።

ከዚህ የተለየው ፍርምባ ላይ ቀስ እያለ ለሳምንታት የሚያድግ፣ ብዙም የማይቀላና የማይሞቅ፣ ለስለስ ያለ እብጠት ነው። ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሳል ባይኖርም ይከሰታል። ቤት ውስጥ በምላጭ ከተበጣ የማይደርቅ ቀዳዳ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ጤና ተቋም ሄዶ ናሙናው በመርፌ ተወስዶ እንዲመረመር ማድረግ ነው። ቲቢ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ከሳንባ ቲቢ የረዘመ ጊዜ ይወሰዳል፤ እብጠቱ ቶሎ ቢጠፋም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አይቋረጥም።