የርቀት ሥራ መመሪያ አዘገጃጀት

የርቀት ሥራ መመሪያ አንድ ድርጅት በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ከቢሮ ውጭ ለሚሠሩ ሠራተኞቹ የሚያወጣው፣ የአሠሪውንና የሠራተኛውን መብትና ግዴታ የሚወስን የውስጥ ደንብ ነው። ሥራ መቼ እንደሚጀመር፣ ወንበሩን ማን እንደሚገዛ፣ ሰነድ የት እንደሚቆለፍ ቢሮ ውስጥ ማንም አይጠይቅም፤ ሥራው ወደ ቤት ሲገባ ግን እነዚህ ሁሉ መልስ ይሻሉ።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት መስፋፋት ይቀድማል። አሜሪካዊው ጃክ ኒልስ ሠራተኛውን ከማመላለስ ይልቅ ሥራውን ወደ እሱ ማድረስ ይሻላል የሚለውን አሠራር ስም አውጥቶ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 ያጸደቀው ቁጥር 177 ስምምነት የቤት ውስጥ ሥራን ቢመለከትም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከቤቱ የሚሠራን ተቀጣሪ አያካትትም። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት የላኩት መመሪያ ሳይኖራቸው ነበር።

መመሪያው በቅድሚያ ከርቀት ሊሠሩ የሚችሉትን የሥራ መደቦች ይለያል። ፈቃዱ ለሥራ መደቡ ሳይሆን አለቃው ለወደደው ሰው የሚሰጥ ከሆነ ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የሥራ ሰዓት ነው። አለቃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ይህን አንዴ እይልኝ» ብሎ መልእክት ቢልክ ሠራተኛው እስከ ጠዋት ማቆየት ይችላል ወይ? ካየውስ እንደ ትርፍ ሰዓት ይቆጠርለታል? መመሪያው ይህን በግልጽ ካልመለሰ ሠራተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ በደል አይደለም። በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመራቅ መብትን ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እንዲደራደሩበት በሕግ ተደንግጓል። ፖርቱጋል ደግሞ በ2021 ባወጣችው ሕግ አሠሪው ሠራተኛውን በዕረፍት ሰዓቱ ከማነጋገር እንዲቆጠብ ግዴታ ጥላለች።

ንብረትን በተመለከተ ላፕቶፑ ከነቻርጀሩና ከመለያ ቁጥሩ በርክክብ ቅጽ ተመዝግቦ ቢሰጥ፣ ስክሪኑ በተሰበረ ቀን ክርክር አይነሣም። የኢንተርኔትና የመብራት ወጪ በማን እንደሚሸፈንም መጻፍ አለበት። የደንበኛ መረጃ ልጆች የቤት ሥራ በሚሠሩበት የጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዳይከፈት መከልከል ተገቢ ነው፤ ክልከላው ግን ድርጅቱ የሥራ መሣሪያውን ራሱ ካላቀረበ ትርጉም የለውም። በሥራ ሰዓት የኤሌክትሪክ ገመድ ጠልፎት የወደቀ ሠራተኛ የደረሰበት ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት መሆን አለመሆኑም የአገሩን ሕግ ተከትሎ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ቁጥጥርን በሚመለከት በካሜራና በየደቂቃው በሚነሣ የስክሪን ምስል ከመከታተል ይልቅ የተሠራውን ሥራ መመዘን ይመረጣል፤ የሠራተኛው ቤት የቤተሰቡም መኖሪያ ነውና።

በመጨረሻም መመሪያው ወደ ቢሮ ስለመመለስ፣ ማን በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊጠይቅ እንደሚችል ጭምር ይደነግጋል። የአውሮፓ አሠሪዎችና ሠራተኞች ማኅበራት በ2002 የተፈራረሙት የማዕቀፍ ስምምነት የርቀት ሥራ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ ከቅጥሩ በኋላ የተጀመረ ከሆነም በስምምነት ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ እንዲቻል አድርጓል።