ከሥዕሉ ግርጌ ያሉት የላቲን ቃላት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሥዕል ሲያጋጥማችሁ ግርጌውን እዩት። ደቃቅ የላቲን ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ፊርማ መስሎት ያልፈዋል። የተጻፈው ግን የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ በግራ ከስም ቀጥሎ «ፒንክሲት» ይላል፤ «ቀባው» ማለት ነው፣ የሠዓሊው ቦታ። በቀኝ «ስኩልፕሲት» አለ። ሐውልት ሠሪ ይመስላል፤ አይደለም። መዳቡን የቀረጸው ሰው ነው። ቡሪን የሚባለውን ሹል ብረት በመዳፉ እየገፋ መስመር ያወጣል። መስመሩ ሲጠማዘዝ ሰሌዳውን ነው የሚያዞረው። ሲታተም ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ ፊደሉንም ገልብጦ ይቀርጻል። ትዕግሥቱን አስቡት!

በጣም የሚያደናግረው «ኤክስኩዲት» ነው። «አሳተመው» ብላችሁ ያዙት፤ ብሩን ያወጣው ነጋዴ ነው። ሰሌዳው ሲሸጥ የድሮው ስም ተፍቆ የአዲሱ ገዢ ስም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ያው ሥዕል በሁለት አሳታሚ ስም ቢገኝ አትደናገጡ።

«ኩም ፕሪቪሌጂዮ» ካለ ደግሞ ከመንግሥት ፈቃድ አለው፣ መኮረጅ ክልክል ነው ማለት ነው። የአንትወርፑ ሠዓሊ ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1619 እና 1620 ይህን መብት ከፈረንሳይ፣ ከብራባንትና ከሆላንድ በኩል አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ከዋና ቀራጩ ከሉካስ ፎርስተርማን ጋር ክፉኛ ተጣላ። ሩበንስ እንዳማረረው ከሆነ ፎርስተርማን የሥዕሎቹን ዋጋ ያመጣው የእኔ ቅርጽና ስም ነው ባይ ነበር።