ስለ ቲአርኤልና አጃይል ስብሰባ ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ ከልጆች ጋ በሶላር የሚሰራ የአሳ ማቀዝቀዣ ሳጥን እየሰራን ነው፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ አሳ እስከ ማታ እንዲቆይ። በተሰበሰብን ቁጥር ያው ክርክር ስለሚነሳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ቲአርኤል አንድ ቴክኖሎጂ ለስራ ምን ያህል እንደደረሰ ከ1 እስከ 9 የሚለካ ደረጃ ነው፣ 9 ማለት እውነተኛ ስራ ላይ ውሎ የተረጋገጠ ነው። አጃይል ደግሞ ስራን በአጭር በአጭር ዙር ከፋፍሎ እያዩ እያስተካከሉ መስራት ነው።

«ቲአርኤል የናሳ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» መነሻው ልክ ነው ናሳ ነው፣ መጀመሪያ 7 ደረጃ ነበረው በኋላ 9 ሆነ። ግን የሚጠይቀው እኮ «ይሄ ነገር እስካሁን የት ተሞክሮ ሰራ?» ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሆነ 4፣ እውነተኛውን በሚመስል ቦታ ከሆነ 5 እና 6፣ እዛው ስራው ላይ ከሆነ 7። ለዚህ ሮኬት አያስፈልግም።

«ሶላሩም ባትሪውም ገበያ ላይ አለ፣ ስለዚህ 8 ነን።» ይሄ ነው የሚያናድደኝ! አማካይ አይወሰድም፣ የሚታየው ደካማው ክፍል ነው። ሶላሩ 9 ቢሆንም የኛ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሰርኪት ከላብራቶሪ ስላልወጣ 4 ነው፣ ሳጥኑም 4 ነው በቃ። ሁሉም 9 ቢሆኑ እንኳ አንድ ላይ ተገጥመው መስራታቸው ገና መታየት አለበት።

«አጃይል ፕላን የለውም።» አለው። ስክራም (አንዱ የአጃይል አሰራር) ላይ ስፕሪንት፣ ማለትም አንዱ የስራ ዙር፣ ከ1 ወር አይበልጥም፣ የሚጀምረውም በፕላኒንግ ነው።

«ስፕሪንት ባለቀ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል።» እኛ 3 ስፕሪንት ሙሉ የሳጥኑን አፕ ስናሳምር ከረምን፣ የስራ ዝርዝር ቦርዱ ላይ ያለው ታስክ ሁሉ አለቀ፣ ሰርኪቱ ግን እዛው 4 ላይ ተገትሯል (አፑ ያምራል ግን፣ አልዋሽም)። አሁን ስናቅድ መጀመሪያ የምንለው «ደካማው ክፍል ቀጣዩን ደረጃ ለመያዝ ምን ማስረጃ ይጎድለዋል?» ነው፣ ከዛ ስፕሪንቱ ለሱ ይሆናል፣ ለምሳሌ ሰርኪቱን እርጥብ አሳ ከሞላው ሳጥን ጋ ሀይቁ ዳር ፀሀይ ላይ አውሎ ሙቀቱን በየሰዓቱ መመዝገብ። ሪቪው (ስፕሪንቱ ሲያልቅ ስራው የሚታይበት ስብሰባ) ላይ የሚቀርበውም መዝገቡ ነው፣ ቢከሽፍም ይቀርባል።

«አንዴ የተያዘ ደረጃ አይወርድም።» ይወርዳል እንጂ፣ ሳጥኑ ሀዋሳ ላይ 7 ቢደርስ እንኳ ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ብንወስደው እንደገና መሞከር አለበት።

«9 ከደረሰ ይሸጣል።» ቲአርኤል ስለ ገዢ ምንም አይልም። ይሄን ያወቅነው በሁለት ሳምንት አንዴ ናሙናውን ገበያ ይዘን መሄድ ስንጀምር ነው፣ አንዲት አሳ ሻጭ እናት ሳጥኑን ከፈት ዘጋ አርገው አዩና «ልጆቼ፣ የኔ አሳ እኮ እስከ አምስት ሰዓት ያልቃል» አሉን።