ስለ አሜሪካ ቻይናዎች ቡና ላይ የሚወራው እና እውነታው

እኛ ሀበሾች ኒውዮርክ ቡና ላይ ከተቀመጥን ስለ ቻይናዎች የማናወራው የለም፣ ግማሹ ደግሞ ባዶ ወሬ ነው። እኔ 6 አመት የኖርኩት ከፉጂያን (ደቡብ ምስራቅ ቻይና ያለ ክፍለ ሀገር) የመጣ ቤተሰብ ስር ነው፣ የላይ ቤቶች እላቸዋለሁ።

«ቻይና እኮ ብር ይዞ ነው የሚመጣው»

ይዞ የሚመጣም አለ አልዋሽም። ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከፉጂያን ብዙ ሰው የገባው ልክ እንደኛ ሰው በደላላ ነው። በ1993 ጎልደን ቬንቸር የምትባል መርከብ 286 ሰው ጭና መጥታ ኩዊንስ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች፣ 10 ሰው አለቀ፣ የደላላው ሂሳብ በነፍስ ወከፍ 30 ሺህ ዶላርና ከዛ በላይ ነበር። እዳው የሚከፈለው እንግዲህ ኪችን ውስጥ እየተቃጠሉ ነው።

«አራስ ልጃቸውን ቻይና ይልካሉ፣ ጨካኞች»

ይሄኛው ያናድደኛል። ባልና ሚስት በሳምንት 6 ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እየሰሩ ሞግዚት ደሞዙን ሙልጭ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ህጻኗ አያቷ ጋ ትሄድና ትምህርት ሲደርስ ትመለሳለች። የላይ ቤቷ ልጅ በ5 አመቷ ስትመጣ እናቷን «አክስቴ» ነበር የምትላት፣ እናትየው እኛ ፊት ሳቀችና ማታ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። አሁን ልጅቷ 9 አመቷ ነው፣ የመብራት ቢል ሲመጣ አንብባ የምታስረዳቸው እሷ ናት።

«ሁሉም አንድ ቋንቋ ነው የሚያወሩት»

ኧረ በጭራሽ። የፉጆ (የፉጂያን ዋና ከተማ) ሰው የራሱ ቋንቋ አለው፣ የሆንግ ኮንግና የአካባቢው ሰው የሚያወራው ካንቶኒዝ ሌላ ነው። የላይ ቤቷ ቻይናታውን ሞት ስትሪት ያሉት ካንቶኒዝ የሚወራባቸው የድሮ ሱቆች ስትገባ በማንዳሪን፣ በቻይና የመንግስት ቋንቋ፣ ትሞክራለች፣ ሽማግሌው ማንዳሪንም የማይሰማ ከሆነ በጣቷ ጠቁማ ገዝታ ትወጣለች።

«ሬስቶራንት በደማቸው ነው»

ደም ሳይሆን ህግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1882ቱ የአሜሪካ ህግ የቻይና ሰራተኛ እንዳይገባ ከለከለ፣ ነጋዴ ግን ይገባ ነበር፣ በ1915 ደግሞ ፍርድ ቤት የሬስቶራንት ባለቤትም ነጋዴ ነው ብሎ ወሰነ፣ ከዛማ ዘመድ ለማምጣት ያልከፈተ የለም። ህጉ የተሻረው በ1943 ነው።

ሬስቶራንት ውስጥ ምግብ ሲያልቅ የሚሰጡት ፎርቹን ኩኪ (ውስጡ የእድል ጽሁፍ ያለበት ብስኩት) ራሱ ካሊፎርኒያ የነበሩ ጃፓኖች ያመጡት ነገር ነው። የላይ ቤቷ አሜሪካ እስክትመጣ አይታው አታውቅም፣ አሁንም ለደንበኛ ትሰጣለች እንጂ እሷ አትቀምሰውም።