ኮቺስ ልጁን አልጠለፈም!

«የአፓቺው አለቃ ኮቺስ ልጅ ጠልፎ ጦርነት አስነሳ።» አፓቺዎች የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ሰልችቶኛል። ዘንድሮም አንድ ጎበዝ ተማሪዬ እንዲሁ ብሎ ጽፎ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 1861 አሪዞና ውስጥ የጆን ዋርድ እርሻ ተዘረፈ። ከብቱ ተነዳ፤ የ12 ዓመት ገደማ የእንጀራ ልጁ ፌሊክስም ተወሰደ። መቶ አለቃ ጆርጅ ባስኮም ወታደሮቹን ይዞ አፓቺ ፓስ እስከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ድረስ ሄደና ኮቺስን አስጠራው። ኮቺስ ወንድሙን፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ልጅ የጠለፈ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወታደር ድንኳን ውስጥ ይገባል? «ልጁ እኔ ጋ የለም፤ አፈላልጌ ላምጣው» አለ። ባስኮም አላመነውም። ሊይዘው ሲል ኮቺስ ቢላውን መዘዘ፤ ድንኳኑን ቀዶ አመለጠ። ቤተሰቡ ግን ተያዘ።

ስህተቱ የሚመጣው «አፓቺ አንድ ሕዝብ፣ አንድ አለቃ» ከሚለው ነው። ቺሪካዋ አለ፣ ሜስካሌሮ አለ፣ ዋይት ማውንቴን አለ፤ ሁሉም የየራሱ መሪ አለው። ኮቺስ የቺሪካዋ ነው። ልጁን የወሰዱት ሌሎች ናቸው። ለተማሪዎቼ «የላይ ሰፈር በሬ ማሳህን ቢበላ የታች ሰፈሩን ሰው ታስራለህ?» እላቸዋለሁ።

«ምስክሮቹ ስለማይስማሙ እውነቱ አይታወቅም» የሚሉም አሉ። ነጭ ባንዲራ ነበር አልነበረም፣ ማን ምን አለ በሚለው አዎ፣ አይስማሙም። ድንኳኑ ግን ተቀዷል። አሜሪካኖቹ «የባስኮም ጉዳይ» ሲሉት ቺሪካዋዎቹ ድንኳኑ በተቀደደበት ነው የሚጠሩት። ሁለት ምስክርነት ስታነቡ መጀመሪያ የሚገጥመውን ለዩ፤ ጸቡን ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ኮቺስ እጁ ንጹሕ ነው ማለትም ስህተት ነው። በቤተሰቡ ሊለውጣቸው የያዛቸውን አራት አሜሪካውያን ገድሏል።

በአጸፋው የተያዙ አፓቺዎች ተሰቀሉ። ይህን የወሰነው ባስኮም ብቻውን ነው? አይደለም። የጦሩ ሐኪም በርናርድ ኧርዊን የመስቀሉን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ጽፏል። የተሰቀሉት ስድስት ናቸው። የኮቺስ ወንድም አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኮቺስ ከአሜሪካ ጋር ሰላም ያወረደው በ1872 ነው። የተወሰደው ፌሊክስ በአፓቺዎች መካከል አድጎ፣ ሚኪ ፍሪ ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ጦር ቃፊር ሆኖ ተቀጠረ።