«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው፣ ምን ያድርግ?» እና ሌሎች ስለ ጉዳት ካሳ የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና የሚወስደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም፣ ፍሬኑ እየሸተተ የሚወርድ ሲኖትራክ፣ ከኋላው የሚጣደፍ ሚኒባስ፣ ዳር ዳሩን ጭነት የጫኑ አህዮች። አደጋ ሲደርስ ያሳዝናል፣ እኔን ግን ከአደጋው ባልተናነሰ የሚያናድደኝ ከዛ በኋላ የሚወራው ነው። እዚሁ ፍርድ ቤት አካባቢ የክስ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስለምውል ሰው ይዞት የሚመጣውን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሻይ ቤት ሁሉም ጠበቃ ነው፣ እና ህጉ የሚሰጠውን ካሳ ብዙ ሰው የሚያጣው ህጉ ስለጨከነበት ሳይሆን እነዚህን ወሬዎች አምኖ ስለተቀመጠ ነው። በጣም የሚደጋገሙትን ላንሳ።

«ሹፌሩ ታስሮ የለ እንዴ፣ ክሱ እኮ ተጀምሯል»

የታሰረው በወንጀል ነው። የወንጀሉን ክስ የሚመራው አቃቤ ህግ ነው፣ ተከሳሹ ቢቀጣ የሚታሰረው ለመንግስት ህግ ነው፣ የሚከፍለው መቀጮም የሚገባው መንግስት ካዝና እንጂ እናንተ ኪስ አይደለም። ካሳ የፍትሐብሔር ጉዳይ ነው፣ ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አይጠይቅላችሁም። የወንጀሉን ጉዳይ የያዘው ፍርድ ቤት ካሳውንም አብሮ እንዲያይላችሁ ማመልከት ይቻላል፣ ህጉ ይፈቅዳል፣ ግን ማመልከት አለባችሁ፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ለብቻው የፍትሐብሔር ክስ መክፈቱ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የካሳው ስሌት ሰፊ ማስረጃ ስለሚፈልግ።

የዚሁ ወንድም የሆነው ወሬ ደግሞ «ሹፌሩ በነጻ ተለቋል፣ በቃ ምንም የለም» የሚለው ነው። ይሄን አምነው ስንት ሰዎች ፋይላቸውን አጣጥፈው ቤታቸው ገብተዋል! የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ቁጥር 2149 የፍትሐብሔር ፍርድ ቤቱ ጥፋት አለ ወይስ የለም ብሎ ሲወስን በወንጀል ችሎት ነጻ መባሉ አያስገድደውም ይላል። ወንጀል ላይ የሚፈለገው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው፣ እዛ የጎደለው እዚህ ሊበቃ ይችላል። ከዛም በላይ መኪና ላይ ጥፋት ማስረዳት ራሱ አያስፈልግም፣ ወደዛ ልምጣ።

«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው፣ እሱ ምን ያድርግ»

ይሄን ስሰማ ጸጉሬ ይቆማል። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሁሉ ስለሚያምነው የተጎጂው ቤተሰብ ራሱ «እውነትም ምስኪን ምን ያድርግ» ብሎ ይተወዋል። በህጉ ግን የመኪና ባለንብረት ተጠያቂነት ጥፋት ላይ የቆመ አይደለም። ቁጥር 2081 መኪናው ወይም ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ሃላፊ ነው ይላል፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳን። ቁጥር 2086 ደግሞ በሩን ይዘጋዋል፣ ባለንብረቱ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር»፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብሎ አያመልጥም። ማምለጫው ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነው፣ ወይ ደግሞ በዛ ሰአት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት። ስለዚህ ፍሬን እምቢ ማለቱ ለሹፌሩ የወንጀል ክርክር ይጠቅመው ይሆናል እንጂ ባለንብረቱን ከካሳ አያድነውም።

እና ማንን እንከሳለን? ሹፌሩ ብዙ ጊዜ እሱም የሰው መኪና ነድቶ ልጆቹን የሚያበላ ደሃ ነው፣ እሱን ብቻ ከሳችሁ ብትረቱ ከምን ላይ ትወስዳላችሁ። ባለንብረቱን ክሰሱ። ባለንብረት ማለት ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፣ እዚህ ላይ አይሱዙውን ወይም ባጃጁን በውክልና ሸጠው ስም ሳያዛውሩ የተቀመጡ ሰዎች ልብ ይበሉ፣ ከሸጡት ከስንት ጊዜ በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ለደረሰ አደጋ መጥሪያ የሚመጣው በእነሱ ስም ነው፣ ከዛ «እኔ እኮ ሸጬዋለሁ» እያሉ መሮጥ ነው። ስም ማዛወር ወጪ ነው ብሎ የሚተው ሰው ይሄን ወጪ አላሰበውም።

ሁለት መኪና ተጋጭቶ ከሆነ ደግሞ ህጉ ከመነሻው ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ይገምታል (2084)፣ አንደኛው ጥፋተኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እያንዳንዱ ባለንብረት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል።

«ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ»

የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 መሰረት እያንዳንዱ መኪና ሊኖረው የሚገባ ነው፣ ግን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተቀመጠው ከፍተኛው መጠን 40 ሺህ ብር ነበር። አርባ ሺህ ለአንድ ሰው ህይወት! ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት በፍትሐብሔር ህጉ ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ ማለት ባለንብረቱ ተፈታ ማለት አይደለም። ኢንሹራንሱ ቢሮ ገንዘቡን ስትቀበሉ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ግን «ከማንም ምንም አልጠይቅም» የሚል ካለ ቆም በሉ።

ገጭቶ ስላመለጠ መኪናም ሰው «ታርጋው ካልተያዘ ምን ይደረጋል» ይላል። ላልታወቀ ወይም መድን ለሌለው መኪና የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ፣ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ የሚባለው መስሪያ ቤት ነው። ግን የፖሊስ ሪፖርት ከሌለ አደጋው እንደሌለ ነው፣ ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን፣ ገጠርም ቢሆን፣ ለፖሊስ ሳይመዘገብ አትቅሩ። የአስቸኳይ ጊዜ ህክምናም መጀመሪያ ገንዘብ አምጡ ሳይባል ሊሰጥ የሚገባ ነው።

«በሽማግሌ ጨርሰናል»

ሽምግልና አልጠላም፣ ደም የሚያደርቀው፣ ሁለት ቤተሰብ አንድ ገበያ ላይ ተያይቶ እንዲያልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰአቱ ላይ ነው። ልጁ ገና አልጋ ላይ እያለ፣ እግሩ ይዳን ይቆረጥ ሳይታወቅ፣ የባለመኪናው ወገን ጋቢ የለበሱ የተከበሩ ሰዎች ይዞ ይመጣል፣ «ለመታከሚያ» ብሎ የሆነች ብር ያስቀምጣል፣ ሰው ሲያለቅስ አብሮ ያለቅሳል፣ ከዛ አንድ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በማናቸውም ፍርድ ቤት አልጠይቅም» ይላል፣ ሶስት ምስክር ይፈርማል፣ እናትየው አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። ከስድስት ወር በኋላ እግሩ እንደማይታጠፍ ሲታወቅ ቤተሰቡ ያንን ወረቀት ይዞ እኔ ጋ ይመጣል።

ሰው የሚመስለው «የሽማግሌ ወረቀት ነው፣ ህጋዊ አይደለም» ነው። ነው እንጂ! ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ መስማማት ህጉ ይፈቅዳል፣ በግልግል የተዘጋ ጉዳይ ደግሞ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚታየው (3312)። «መብቴን ሳላውቅ ነው» ማለት አያፈርሰውም። ያለው ቀዳዳ ስምምነቱ የሚያስረው የተስማማችሁበትን ጉዳይ ብቻ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ «ለህክምና ወጪ ብቻ የተሰጠ» ካለ ቀሪውን መጠየቅ ይቻላል። እንግዲህ ሽማግሌ ሲመጣ ብሩን ተቀበሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ለጊዜያዊ ህክምና የተሰጠ ነው፣ የቋሚ ጉዳት ካሳን አይጨምርም» ተብሎ ይጻፍ፣ እምቢ ካሉ የመጡት ለመታከሚያ እንዳልሆነ ገባችሁ ማለት ነው። ሰው ሞቶ ከሆነ ደግሞ እርቁ የወንጀሉን ክስ አያስቆመውም፣ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል እንጂ።

«ካሳ ማለት የመድሃኒት ደረሰኝ ነው»

ደረሰኙ ትንሹ ክፍል ነው። ህጉ ካሳው ከጉዳቱ እኩል ይሁን ነው የሚለው፣ ወደፊት በእርግጠኝነት የሚመጣውንም ጉዳት ጨምሮ። እንበል የ30 ዓመት ገብስ አራሽ ነው፣ ከእርሻና ከበግ በዓመት 60 ሺህ ብር ያገኛል፣ የሀኪሞች ቦርድ 40 ከመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ብሎታል። ገቢው በዓመት 24 ሺህ ጎደለ ማለት ነው፣ ይሄ በስራ ሊቆይ በሚችልበት ዓመት ይባዛል፣ 30 ዓመት ቢባል 720 ሺህ ነው። ይሄ እንዳለ ይፈረዳል እያልኩ አይደለም፣ ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሃዊ ነው ባለው መጠን ይወስናል፣ አንዴ የሚከፈል ገንዘብ ስለሆነም ቀንሶ ሊሰጥ ይችላል። ግን የክርክሩ መነሻ ይሄ ነው እንጂ የፋርማሲ ወረቀት አይደለም።

ገበሬ ደሞዝ የለውም፣ በምን ያስረዳል ይባላል። በመሬት ይዞታ ደብተር፣ በግብር ደረሰኝ፣ ከቀበሌ ግብርና የሚጻፍ የምርት ግምት፣ በጎረቤት ምስክር። ከሁሉም በላይ የቦርዱን ወረቀት ያዙ፣ መቶኛ የሌለበት «ታክሞ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ለስሌት አይሆንም።

ሰው ከሞተ ለራሳቸው ቀለብ መጠየቅ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆች (ወደ ላይ የሚቆጠሩ) እና ልጆች (ወደ ታች የሚቆጠሩ) ናቸው፣ ወንድምና እህት የሉበትም፣ ይሄ ብዙ ቤት ጸብ ፈጥሯል። የህሊና ጉዳት ካሳ ደግሞ፣ ሃዘኑ፣ የእናት እንባ፣ እሱ ሁሉ ተደምሮ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። በ1952 ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንኳን አይሞላም፣ በዚህ ላይ የምለው የለኝም፣ ህግ አውጪው ያስብበት።

«ራሱ ነው የገባበት»

ግማሽ እውነት ነው። ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይሰረዝም። የሰከረ እግረኛም ቢሆን ፋይል ሊከፈትለት ይችላል።

«የቀን ሰራተኛ ነህ፣ ውል የለህም»

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ በዝቷል፣ ግንባታውም እንደዛው፣ እና እጁን ማሽን የያዘው ልጅ የሚነገረው መጀመሪያ ይሄ ነው። የስራ ውል በጽሁፍ መሆን የለበትም፣ መስራቱ በምስክርም በክፍያ ወረቀትም ይረጋገጣል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሰሪው በስራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ሃላፊ ነው፣ «ማሽኑ ውስጥ እጅህን ያስገባኸው ራስህ ነህ» ብቻውን አያድነውም። የሚያድነው ሰራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ጎድቶ ከሆነ ነው፣ ሰክሮ ስራ መግባት ወይም በግልጽ የተነገረን የደህንነት መመሪያ መጣስም እንደዛው ይታያል። በህክምና ላይ እያለ የመጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣይ 3 ወር ቢያንስ 75 ከመቶ፣ ከዛ 6 ወር ቢያንስ ግማሹ ይከፈላል። ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መስራት ካልቻለ የዓመት ደሞዙ በ5 ተባዝቶ ነው። እዚህ ላይ ግን መክሰሻው ጊዜ አጭር ነው፣ በአጠቃላይ አንድ ዓመት።

ስለ ከብትም አንድ ነገር፦ የጋሪ ፈረስ ሰው ቢረግጥ፣ ውሻ ቢነክስ፣ አምልጦም ቢሆን ባለቤቱ ሃላፊ ነው። የሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ መገላገል ይችላል፣ ይሄን ስነግራቸው ሁሌ ይስቃሉ።

«ሲሻለው እንከሳለን»

ከውል ውጭ ሃላፊነት ላይ፣ ማለትም እንደ መኪና አደጋ ያለ ውል ሳይኖር በሚደርስ ጉዳት ላይ፣ ይርጋው (መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው (የፍትሐብሔር ህግ ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዛ የሚረዝም ከሆነ በረዘመው ይሄዳል፣ በዛ ተማምናችሁ ግን አትተኙ፣ ክርክር ነው። ዳኛው ይርጋን ከራሱ አያነሳም፣ ተከሳሹ ካላነሳው ሊያልፍ ይችላል፣ ጠበቃ የያዘ ባለመኪና ግን መልሱ ላይ መጀመሪያ የሚጽፈው እሱን ነው። የሽማግሌ ቀጠሮ እየተገፋ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምት ይውጣ እየተባለ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ነው የሚያልቀው።

እስከዛ በእጃችሁ መያዝ ያለባችሁ፦ የመኪናው ታርጋና መስታወት ላይ የተለጠፈው የሶስተኛ ወገን ስቲከር ፎቶ፣ የህክምና ካርድና ደረሰኝ ሁሉ፣ የምስክሮች ስልክ። የትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) በእጅ አንሰጥም ቢሏችሁ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ ያስቀርበዋል፣ ማመልከቻው ላይ መጠየቅ ብቻ ነው።

«ለዳኝነት የምከፍለው የለኝም» የሚልም አለ። በድሃ ደንብ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ መክሰስ ይቻላል፣ አለመቻላችሁን በመሃላና በማስረጃ ነው የምታስረዱት። ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍቷቸው ነጻ የህግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ፣ አፍራችሁ አትቅሩ።

«ተፈርዶልኛል፣ አለቀ»

አላለቀም። ፍርድ ወረቀት ነው፣ ካልከፈለ የአፈጻጸም ፋይል ትከፍታላችሁ፣ ባለዕዳው ያለውን ንብረት እናንተ ትጠቁማላችሁ፣ ከዛ ይያዛል፣ ይሸጣል። ባለመኪናው ግን ክሱ እንደገባ አይሱዙውን ሸጦ፣ ቤቱን በሚስቱ ወንድም ስም አዙሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ክሱን በምታስገቡበት ቀን፣ ከክሱ ጋር፣ መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የእግድ ማመልከቻ አብራችሁ አስገቡ፣ ትእዛዙ ሲወጣ ደግሞ መዝገብ ቤት እስኪልክላችሁ ሳትጠብቁ ሊብሬው ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ራሳችሁ አድርሳችሁ የገቢ ቁጥር አስመቱበት።