ሲፒዩ 100 ሲገባ አትደንግጡ፦ ስለ ቪዲዮ ኤክስፖርት እና ስለ ሙቀት የሚወሩ ስህተቶች

ባለፈው ግንቦት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር የሰርግ ቪዲዮ የሚሰራ ልጅ ደወለልኝ። ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ድሬ ጭር ብላለች። «አቦ፣ ላፕቶፑ ሊቃጠል ነው! ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100 ፐርሰንት ገባ፤ ፋኑ ይጮሃል። በቃ አጠፋሁት» አለኝ። ኤክስፖርቱ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣቱ፣ ስንት ደርሶ ነበር ስለው፣ 82 ፐርሰንት። የሁለት ሰዓት ስራ ገደል ገባ። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ደግሞ በማግስቱ ይጠብቀዋል።

ልጁን አልፈርድበትም። የሰማው ወሬ ነው ያስደነገጠው። እነዚያን ወሬዎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሲፒዩ 100 ከገባ ማሽኑ አልቻለም»

100 ፐርሰንት ማለት ሁሉም ኮሮች፣ የፕሮሰሰሩ ሰራተኛ ክፍሎች፣ ስራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ገንዘብ የከፈላችሁበት ፕሮሰሰር ሙሉ ጉልበቱን እየሰጣችሁ ነው። ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፍሬም ይከፍታል፣ ቀለሙን እና ጽሑፉን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ጨምቆ እንደገና ይጽፈዋል። በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀረፀ የአንድ ሰዓት ሰርግ 90,000 ፍሬም አለው። በ1080 ጥራት አንዱ ፍሬም ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። 4ኬ ከሆነ የዚህ አራት እጥፍ። ይህን ሁሉ የሚሰራ ፕሮሰሰር እንዴት አይግል?

እንዲያውም ሲፒዩው 30 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ኤክስፖርቱ ከተንቀራፈፈ ነው መጠርጠር። ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ያለበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቀርፋፋ ሆኖ ሲፒዩው ፋይል እየጠበቀ ነው።

መታየት ያለበት ዲግሪው ነው። ታስክ ማናጀር የሲፒዩን ፐርሰንት እንጂ ሙቀቱን አይነግራችሁም። ኮር ቴምፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ጫኑ። የአብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ 85 ላይ እየሰራ ያለ ላፕቶፕ ተዉት፣ ይጨርስ። 95 እና ከዚያ በላይ ተጣብቆ፣ ፍጥነቱም እየወረደ ከሆነ ግን አየር አጥሮታል።

«ድሬ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ፋን አየር አያቀዘቅዝም። የክፍሉን አየር ስቦ በፕሮሰሰሩ ላይ ያሳልፋል እንጂ። ስለዚህ ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 80 ላይ የሚሰራ ማሽን፣ 36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ወደ 94 ይጠጋል። እኛ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነን፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል። አንድ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ቀለል ብሎት፣ እዚህ ሲወርድ ቢንተከተክ አይግረማችሁ።

ግን እጅ የሚያሰጥ አይደለም። የሳቢያኑን ልጅ ላፕቶፕ ማታ አብረን ከፈትነው። በፋኑ እና በመዳቡ ቱቦ ጫፍ ባሉት ቀጫጭን ክንፎች መካከል አቧራው ተጋግሮ ጨርቅ ሆኗል። በጥፍሬ ጫፉን ይዤ ስስበው ሙሉውን እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ አየው። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግን፤ ፋኑን በጣት ይዘን፣ እንዳይሽከረከር። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን፣ ደርቆ የተሰነጠቀውንም ፔስት ጠርገን በአዲስ ቀየርነው። የእኛ ከተማ አቧራ ይታወቃል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ግድ ነው።

ሌላው ፍራሽ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሆዱ ስር ነው። አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ ስታስቀምጡት አፍንጫውን ያዛችሁት ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና ከኋላ በኩል ሁለት የሃይላንድ ክዳን ከስሩ አስገቡ። ከባድ ኤክስፖርት ደግሞ ለማታ ይቆይ።

«በረዶ ስር ማድረግ፣ ፍሪጅ ውስጥ መክተት»

እባካችሁ! ቀዝቃዛ ነገር ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ይሆናል። ከፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያልበው አይታችኋል። ያ ውሃ ቦርዱ ላይ ሲያርፍ አስቡት።

«ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ»

በኤክስፖርት ሰዓት ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ቫይረስ አይደለም። ምንም ሳትከፍቱ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲፒዩው 70፣ 80 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ያኔ ጠርጥሩ። በሰው ኮምፒውተር ተደብቀው ክሪፕቶ የሚያመርቱ ፕሮግራሞች በእርግጥ አሉ። ክራክ የሆነ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ከጫናችሁ በደንብ ፈትሹ።

«ራም ጨምርበት፣ ይቀዘቅዛል»

አይቀዘቅዝም። ራም ሞልቶ ማሽኑ ከተንገታገተ ይረዳል፤ ሙቀት ላይ ግን ለውጥ የለውም።

«ቪዲዮ ካርድ ካለው ሲፒዩው መስራት የለበትም»

ካርዱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ እንዲጠቀምበት መታዘዝ አለበት። ቪዲዮ የሚጨምቅ ራሱን የቻለ ክፍል በኢንቴል ቺፖች ውስጥ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ኪዊክ ሲንክ ይባላል። የቪዲዮ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያም በ2012 ኤንቪኤንክ የሚባለውን አወጣ። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ከሶፍትዌር ኢንኮዲንግ (ሲፒዩው የሚጨምቅበት) ወደ ሃርድዌር ኢንኮዲንግ (ያ ክፍል የሚጨምቅበት) ቀይሩት። አማራጩ ካልመጣላችሁ ቱ ፓስ የሚለውን (ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ የሚያልፍበትን) መርጣችሁ እንዳይሆን፤ ወደ ዋን ፓስ መልሱት። ሲፒዩው ይቀልለዋል፣ ሰዓቱም ያጥራል። ለኢፌክቱ እና ለቀለሙ ግን ሲፒዩው አሁንም ይሰራል፤ ዜሮ አይገባም። በተመሳሳይ የፋይል መጠን ሲነጻጸር ሶፍትዌር ኢንኮዲንግ ትንሽ የተሻለ ጥራት ሊሰጥ ይችላል። ቢትሬቱን (ለእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚሰጠውን የዳታ መጠን) ከፍ ካደረጋችሁ ግን ሙሽሮቹ ልዩነቱን አያዩትም።

ያን ማታ ላፕቶፑን ከዘጋን በኋላ ልጁ ያንኑ ሰርግ እንደገና ጀመረ፣ በሃርድዌር ኢንኮዲንግ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሁለቱ ክዳኖች ከስር ናቸው። ኮር ቴምፕ ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። 78፣ 81፣ 79 ዲግሪ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ኤክስፖርቱ 82 ፐርሰንትን አለፈ።